ኤፕሪል እስኪገባ

ማርች 4
ዝናብ። ጋራዡን ከፈትኩ። ከኦክቶበር ወዲህ አልገባሁበትም። የወንድሜ የሬመር ሞተር ብስክሌት ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ብርዱ ሳይገባ ቤንዚኑን አውጥቶ፣ ባትሪውን ፈትቶ የሚያስቀምጠው ራሱ ነበር። ዘንድሮ ሳል ያዘው፣ ሳሉም ስም ወጣለት... ሞተሩን ማንም አላሰበው። ፊልትሮው ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ልጆቿን አሳድጋ ወጥታለች፣ ቤቱን እንኳ ሳትጠርግ።

ማርች 6
ሬመር ዘንድ ዋልኩ። ሐኪሞቹ በቃን ካሉ ወዲህ ያለው ወንዙ ዳር፣ ሰው ሕመም ሳይበዛበት እንዲያርፍ የሚንከባከቡበት ቤት ነው። መስኮቱ ወደ ድልድዩ ያያል። በጣም ከስቷል። የቀረህ አፍንጫህ ብቻ ነው አልኩት። እሱማ የአባታችን አደራ ነው፣ እንዴት ይቀንሳል አለኝ።
ከዚያ ስለ ሞተሩ ጠየቀ። አንድ ጊዜ ድምፁን መስማት ይፈልጋል። ምን ችግር አለው፣ ተጎታች ላይ ጭኜ እዚሁ ግቢ ውስጥ አስነሳልሃለሁ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
«እንደ ጥጃ ጭነህ እንዳታመጣብኝ። ከድልድዩ ማዶ ጀምሮ ሲመጣ ነው መስማት የምፈልገው።»
እሺ አልኩ።

ማርች 11
ካርቡሬተሩን ፈታሁ። የከረመው ቤንዚን እንደ ማር ረግቷል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፍቀው ዋልኩ። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ይሄ ሞተር አስተምሮኛል፤ ብቻ ፈትቼ በገጠምኩት ቁጥር አንድ ብሎን ይተርፈኛል። ሬመር የተረፉትን በጣሳ ያጠራቅማል። በእነዚህ ሌላ ሞተር ይወጣል ይል ነበር...
ይላል። ምን ነካኝ? ገና ይላል።

ማርች 15
ማስነሻውን አርባ ጊዜ ረገጥኩት። የተነሳው የጉልበቴ ሕመም ብቻ ነው።

ማርች 19
አዲስ ካንዴላ ገባለት። አንድ ጊዜ አሳለና ዝም አለ። ልክ እንደ... ተወው።

ማርች 23
ተነሳ!
ጋራዡ በጭስ ተሞላ። መሐሉ ቆሜ ዓይኔ አነባ። ከጭሱ ነው... እዚህ ደብተር ላይ ደግሞ ማንን ነው የምዋሸው?
ግን ታርጋው አለ። 04–10 ይላል፤ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር። በሌላው ወር መንገድ ላይ መታየት የለበትም። ዘጠኝ ቀን። ሬመር ዘጠኝ ቀን አለው?

ማርች 24
ዊብኬ ለሻይ መጣች። የሬመር ልጅ ናት፣ የእኛው ወረዳ ፖሊስ። አንድ ሽማግሌ ታርጋው ሳይፈቅድለት ሰባት ኪሎ ሜትር ቢነዳ ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት፣ እንደ ዋዛ። ሲኒዋን አስቀመጠች።
«አጎቴ፣ በዚህ አትቀልድብኝ። ያን መንገድ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ካየሁህ አስቆምሃለሁ። አይቼ ካለፍኩህ ደግሞ ከሥራዬ እባረራለሁ።»
አይዞሽ፣ ሞተሩ መች ተነሳና አልኳት። ሁለት ሲኒ ብቻ ጠጥታ ሄደች። እኛ ዘንድ ሦስተኛውን ሳይጠጣ የተነሳ እንግዳ ተቀይሟል ማለት ነው።

ማርች 25
ለሬመር በጆሮው ነገርኩት። ተነስቷል፣ ግን እስከ ኤፕሪል አንድ ጠብቀኝ አልኩት። ፊቱ በራ። ኤፕሪል አንድ የውሸት ቀን ነው፤ ሃምሳ ዓመት ስንሸዋወድበት ኖረናል። አምና ጋራዥህ ተቃጠለ ብሎ በካልሲ አስሩጦኛል።
ለዊብኬ እንዳትነግራት አለኝ። ሞተሩ አልተነሳም ብላ ተስፋ ትቁረጥ፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር መጥተህ አስደንግጣት።
ትጠብቀኛለህ አይደል? አልኩት።
«አንተ መቼ በሰዓቱ መጥተህ ታውቃለህ? ስጠብቅህ ነው የኖርኩት።»

ማርች 29
ተኝቶ ዋለ። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ዛሬ ባመጣውስ? ማን ያየኛል?... ዊብኬ ታየኛለች።

ማርች 31
ነገ ነው። ጎማውን ነፋሁ፣ መብራቱን ወለወልኩ።

ኤፕሪል 1
ጠዋት ዊብኬ ደወለች። አጎቴ፣ አባዬ ንጋት ላይ አረፈ አለችኝ።
ሳቅኩ።
አባትሽ እኔን ከድቶ ካንቺ ጋር ተማከረ? አልሸወድም፣ መጣሁ በይው አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ጎሽ፣ ትወናውን ተክናበታለች ብዬ እየሳቅኩ ጃኬቴን ለበስኩ።
ሞተሩ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳ። ድልድዩ ላይ ጥሩምባ ነፋሁ። በዚያ ብርድ የሬመር መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔን ሊሰማ አስከፈተው ብዬ ነዳጅ ሰጠሁት...
ግቢው በር ላይ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፈታል። እናታችን ስትሞት የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። እንዴት ረሳሁት?

ኤፕሪል 2
...

ኤፕሪል 9
ትናንት ቀበርነው። ዛሬ ዊብኬ መጣች። ስለዚያ ሳቅ ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስፈልግ ቀደመችኝ። ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗ ሞተሩ ላይ ነው።
«እውነቱን ንገረኝ አጎቴ። ቀደም ብሎ ተነስቶ ነበር? እኔ ስለከለከልኩህ ነው ያልመጣኸው?»
ሳምንቱን ሙሉ ይሄን ይዛ እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። ዕድሜዬን ሙሉ ደንብ አክብሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ አከበርኩ፤ ያውም ለእሷ ብዬ። ይሄ ይነገራታል?
የት ተነስቶ አልኳት። ያ በቅሎ እስከ ማርች ሠላሳ አንድ እንቢ ብሎኝ፣ አባትሽም ሰነፍ እያለ ሲሰድበኝ ነበር የከረመው።
አየችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስዋሽ ከንፈሬን አይታ ነው የምትነቃብኝ። ከንፈሬን አጠበቅሁት።
«የምርህን ነው?»
«የምሬን ነው።»
ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ አለቀሰች፣ ከቀብሩ ቀን ይልቅ ዛሬ።
ከሄደች በኋላ የማርች 23ን ገጽ ልቀድ እጄን አነሳሁ... ተውኩት። ደብተሩ ቁልፍ ካለው መሳቢያ ይገባል።
ሳልስቅ የዋሸሁት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ማንን እንዴት እንደሸወድኩ ሁልጊዜ ሄጄ የምነግረው ለሬመር ነበር።