አባባ ገነት የገባ ዕለት

ውድ እትዬ፣

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ የምትደገፊው ነገር ፈልጊ። እዚያ የምትሠሩበት ቦታ ከመብራት ምሰሶና ከሽቦ በቀር ምንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ምሰሶውን ተደገፊ። በጥልቅ ሐዘን የማረዳሽ፣ አባባ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማረፉን ነው። መርዶውን ያመጣችው አክስቴ ናት። ሟቹ በጣም ደህና ነው፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጦ የኮት ቁልፍ እየተከለ «ሰላም በላት፣ ካልሲ ትልበስ» ብሎሻል።

አትሳደቢ፣ ከሥሩ ልንገርሽ።

ከመሄድሽ በፊት ካሜራዎቹን የሰቀልሽበትን ቅዳሜ ታስታውሻለሽ? አባባ የስፌት ሥራ ክፍሉ ደረጃ ላይ ከተንሸራተተ ወዲህ አክስቴ «ወንድሜን ቤቴ ወስጄ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ቤቱን ቀውጢ አድርጋው ነበር። አንቺ ደግሞ ኔትወርክ ወደሌለበት ካምፕ ልትሄጂ ነው። አንቺ ግን እንደ አክስቴ አልጮህሽም፣ እንደ እኔም አላፌዝሽም። ካርቶን ተሸክመሽ ከች አልሽ። ስልክሽን ይዘሽ ከክፍል ክፍል እየዞርሽ ዋይፋዩ የት ላይ እንደሚደክም ስትፈልጊ፣ እኔ ከኋላሽ «እትዬ የተቀበረ ወርቅ አሸተተች» እያልኩ እከተልሻለሁ። መሰላል ላይ ወጥተሽ ግድግዳውን ስትበሺ፣ ብሎን የሚይዘውን ፊሸር ስትመቺ፣ ካሜራው ወደ መስኮት ካየ ሰውን ጥላ ብቻ ያደርገዋል ብለሽ ስታዞሪው፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሆን ብዬ ነቀነቅኩሽ፤ ቁልቁል እንኳን አላየሽኝም።

ያኔ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አባባን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽና «አባባ፣ ምን እንዳይታይብህ ትፈልጋለህ?» አልሽው። እኔ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። አባባ አሰብ አደረገና «ስተኛ፣ ደግሞም ደንበኛ ስለካ» አለ። መኝታ ቤቱ ካሜራ ሳይገባበት ቀረ፤ የመለኪያው ጥግም ከካሜራው ዓይን ወጣ። በአንድ ጥያቄ ሰውዬውን የቤቱ ባለቤት አድርገሽ መለስሽው።

ካሜራዎቹ ስም ይፈልጋሉ ስትይ እኔ የግቢውን በር «ኬላ»፣ ማድ ቤቱን «ጉምሩክ» አልኩ፤ ሳትስቂ ጻፍሽው። የሥራ ክፍሉን አባባ ራሱ ሰየመው። ድሮም «ገነቴ» ነው የሚላት፣ «ገነት» ብለሽ ጻፍሽ። ካሜራው እንዲለየው ፊቱንም አስመዘገብሽ፣ «አባባ» ተባለ። ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ ምስሉ እንዳይጠፋ ሚሞሪ ከተትሽበት፤ ሲሞላ የድሮውን እየሰረዘ አዲሱን ይይዛል አልሽኝ። በመጨረሻ ለአክስቴ ስልኳ ላይ ከፈትሽላትና «ከሶፋሽ ሳትነሺ ታይዋለሽ። ክፉ ነገር ካልመጣ እኔ እስክመለስ እዚሁ ይኑር» ብለሽ አስማልሻት።

ባለፈው ሰኞ አክስቴ መጣች። «ይሄ ስልክ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ይጮህብኛል፤ ወደ ሰው ቋንቋ መልስልኝ» አለች። እንደምታውቂው እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ ለዚህ ግን አላንስም። መልእክቱን በአማርኛ አደረግኩላት፤ ማን፣ የት፣ ገባ ብቻ እንዲል። ቀልድ አልጨመርኩበትም። በሕይወቴ ቀልድ ያልጨመርኩበት ሥራ ይሄ ብቻ ነው፤ ያመነኝ ግን የለም።

ማክሰኞ ጠዋት አባባ ቁርሱን በልቶ፣ መነጽሩን አጥልቆ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ከከተማው ማዶ የአክስቴ ስልክ ጮኸ፦

«አባባ ገነት ገባ።»

እኔ ጉምሩክ ውስጥ ሻይ እያፈላሁ ነበር። የግቢው በር ሊገነጠል ደረሰ። ስከፍተው አክስቴ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች፣ የታክሲው ሹፌር ክንዷን ደግፏታል። «ወንድሜን! ሳልሰናበተው!» እያለች ገፍትራኝ ገባች።

አባባ አፉ ሙሉ ስፒል ነበር። በመነጽሩ በላይ አያት። ከዚያ ዓይኑ ቁልቁል ወርዶ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቆመ። ስፒሎቹን ከአፉ አወጣና፣

«እታለም፣ ይሄን ማነው የቀመቀመልሽ? ቅምቅማቱ ተፈቷል እኮ።»

አክስቴ ከቅድሙ ይልቅ አሁን ጮኸች። ሹፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሟቹ የትኛው ናቸው?» አለኝ።

«እኝህ ናቸው፤ ሱሪ የሚያሳጥሩት።»

አባባ ስልኳን ተቀብሎ አነበበና እስኪያስለው ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ መዘዘኛ! የአንተ ሥራ ነው!» አለች። ቀጥላ ወደ እሱ፦

«ሳቅ! እኔ መንገዱን ሙሉ ስቀብርህ መጣሁ። በቃኝ። ዕቃህን ሰብስብ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ነህ።»

«እታለም…»

«እታለም የለም! ዛሬስ የስልክ ስህተት ሆነ። እውነት የሆነ ቀንስ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ልየው?»

እትዬ፣ ለዚህ ምን ይባላል? አባባ ቀስ ብሎ ተነሳና የስፌት መኪናውን ሽፋን ማልበስ ጀመረ።

ቢያንስ ስሜን ላጽዳ ብዬ ከሚሞሪው የጠዋቱን ምስል ከፈትኩ። «እዪ አክስቴ፣ ገባ ነው ያለው፤ ይኸው ገባ።» አባባ ገባ። ግን ወደ መኪናው አልሄደም። ካሜራው ሥር ቆመ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ቀና አለ።

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? ያስገጠምሽልኝን መደገፊያ ብረት ይዤ ነው ደረጃዋን የወረድኩት፤ ጉልበቴ አላጉረመረመም። ዛሬ የአስተማሪዋን ኮት እጨርሳለሁ።»

አባባ የሽፋኑን ጫፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። የእሑዱን ከፈትኩ፣ ያው ነው፤ ቀና ብሎ ያወራሻል። የቅዳሜውን ከፈትኩ።

«እታለም ትናንትም ደወለች። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ሆዷም ሰፊ ነው። ግን ልጄ፣ እዚያ ስሄድ የምጠየቀው ‹በላህ ወይ?› ብቻ ነው። እዚህ ‹መቼ ይደርሳል?› ነው የምባለው። እንዳትነግሪያት፣ ይከፋታል።»

ላጠፋው ስል አክስቴ እጄን ያዘችው። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ወደ አንቺ ክፍል ገባች። ስትወጣ ሰማያዊውን ቀሚስሽን ለብሳለች፣ እጅጌው ክርኗ ላይ ቀርቷል። ጥቁሩን የአባባ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ቀምቅምልኝ» አለች። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣ «መቼ ይደርሳል?»

አባባ ሽፋኑን ከመኪናው ላይ መልሶ ገፈፈ።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ካልደረሰ ግን ጉድህ ይፈላል» ብላ ወጣች። ሹፌሩ የኔን ሻይ ጠጥቶብኝ ተከተላት።

ስለዚህ አባባ የትም አይሄድም። የክፍሉን ስም ለውጥ ብንለው «ገነቴን አልነካም» አለ። አክስቴ ራሷ ደውላ «‹ገባ› የሚለውን አጥፋልኝ፣ ‹ሥራ ጀመረ› በል» አለችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት «አባባ ገነት ሥራ ጀመረ» ይላታል። እዚያም ሥራ አለ ማለት ነው፣ ተስፋ አስቆራጭ ዜና ነው።

ሚሞሪው ሞልቶ ሳይሰርዛቸው ንግግሮቹን ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፤ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ሹፌር ከደብዳቤው ጋር ይሰጥሻል። ለብቻሽ ክፈቺው። አንቺን ማድነቅ ጥርሴን ያመኛል፣ ይታወቅልኝ። ግን ሰውዬው ሲያወራ የሚያየው ካሜራውን አይመስለኝም፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያየው፣ መሰላሉ ላይ ሆነሽ ፊትሽ የነበረበት ቦታ ላይ። እኔ ስመጣ ወሬውን ያቆማል።

በይ ደህና ሁኚ። ምሰሶውን ልቀቂው። ለዚህ ሁሉ ያበቃን ነገር ሲጣራ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ጠዋት ተነስቶ ሥራ ገባ፤ ሌላ ምንም አልሆነም።

ለአንድ ጊዜ ንጹሕ የሆነው፣
ወንድምሽ