ስለ ስድስቱ የተናጡ ቲዩቦች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሙሜ
የምርመራ ማዕከላችን የንብረትና አስተዳደር ኃላፊ
ሐረር

ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ክንድዎም እንዳለፈው ወር በርትቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በማዕከሉ ላቦራቶሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ባለሙያ ስሆን፣ ምስጋናዬን በአደባባይ የማቀርበው በቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ሰሚ ስላጣሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የጀጎሏ ስፌት ሠሪ ወይዘሮ ኸዲጃ ሳንባቸው ላይ የናሙና መርፌ የማይደርስበት የካንሰር እብጠት ነበረባቸው። ሐኪማቸው ከእብጠቱ ወጥቶ በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጥቂት ዲኤንኤ ውጭ አገር አስነብበው የሚስማማቸውን መድኃኒት ሊመርጡ አሰቡ። ለዚህም ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀዩ ከታች ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ውሃ ሳይነቃነቅ ይቀዳል፤ ዳግም ተሽከርክሮ በበረዶ ይላካል። ከተናጠ ግን ነጭ የደም ሴሎች ይፈርሱና የእነሱ ዲኤንኤ ያንን ጥቂቱን ይውጠዋል።

ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ቢጫውን ውሃ የምንቀዳበትን የፕላስቲክ ጫፍ ያለ እርስዎ ፊርማ ከመጋዘን እንዳይወጣ ስለቆለፉበት አመሰግናለሁ። የዚያን ዕለትም ስድስቱን የወይዘሮ ኸዲጃ ቲዩቦች አሽከርክሬ፣ በመደርደሪያ አቁሜ፣ ፊርማዎን ፍለጋ መጣሁ።

2ኛ. በርዎ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ስላቆሙኝ። ለካ እርስዎ የእኔኑ ላቦራቶሪ ለእንግዶች እያስጎበኙ ኖሯል።

3ኛ. የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ አልማዝ እንደነገሩኝ፣ እርስዎ ቀዩና ቢጫው ተለያይተው ሲያዩ «ረስተውት ተበላሽቷል» ብለው እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያም ስድስቱንም በየተራ እንደ ቅቤ ቅል ናጧቸው። አልማዝ «ኧረ ጌታዬ፣ እሷ ሳትመጣ አይነካም» ቢሉዎት፣ ደም ቀይ መሆን እንዳለበት አስተማሯቸው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። ተመልሼ ያንን ቀይ አረፋ ሳይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

4ኛ. ደም ዘቅጦ እንግዳ ፊት ማዕከሉን አሳፍሯል በሚል ለጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። በፋይሌ ውስጥ ከሥልጠና ምስክር ወረቀቴ ጎን ተቀምጧል።

ወይዘሮ ኸዲጃ ዘንድ ሄጄ ደማቸውን ዳግም እንዲሰጡኝ ስለምናቸው፣ ማን እንዳበላሸው እንኳ አልጠየቁኝም። «ኢንሻአላህ ትንሽ ልበርታና እመጣለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኳቸው። እርስዎን ሃምሳ ደቂቃ በመጠበቄ ያማረርኩትን ይቅር ይበሉኝ።

በርዎ ላይ መቆምን ከለመደ እግርና ማስጠንቀቂያ ከማይበቃው ምላስ ጋር፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ዘነበች አሰፋ
የላቦራቶሪ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ኸዲጃ ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል። ወንድማቸው አቶ ሀሚድ ከአካሏ የወጣው ከአፈሯ ይግባ ብለው ስድስቱን ቲዩቦች ሊወስዱ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ቆመዋል። ጥበቃዎቹ ግን ያለ እርስዎ ፊርማ ምንም ንብረት ከግቢ አይወጣም ብለዋል። ስለዚህ እባክዎ ይፈርሙ፤ አሁን ቢነቃነቁም ግድ የለም።