አምስተኛው ቤት ላይ

ኅዳር 8
ቀኑ በአንድ አይሱዙ ፍሬን አለቀ። ባለመኪናው ሸራ ብቻ ቀይርልኝ ይላል፣ እኔ ታምቡሩ ተበልቷል እላለሁ። በመጨረሻ ፈትቼ አሳየሁት። ያልፈታሁትን ነገር አላምንም፣ ጠባዬ ነው። የላምበረት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።
ማታ ልጄ ሃይሚ ጣቷን እየቆረጣጠመች መጣች። የአምሃ ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ ነው። እንዳልሰማ ሆኜ ሻዬን ጠጣሁ... ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ። ልጁን እወደዋለሁ። የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ሆኖ እጁን ዘይት ማስነካት አይፈራም።

ኅዳር 12
ሚካኤል። እቴቴ በለጡ እንደየዓመቱ ከእንጦጦ ወረዱ። በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው! የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ከዘመድ ሁሉ የቀሩን ትልቅ ሰው። ታቦቱ ሲገባ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወይራው ሥር ጧፍ አብርተው ተቀመጡ። ጥላ ይወዳሉ።
የእሑዱን ነገርኳቸው። መረቁ። የማን ልጅ ነው ሲሉኝ አፈርኩ። ስሙን እንጂ ዘሩን መች ጠየቅሁ?

ኅዳር 14
ጉድ ሆንኩ።
ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ጨዋታው ደመቀ። እቴቴ "እስቲ ትውልድ ይቆጠር" አሉ። የአምሃ አጎት መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ባላምባራስ ደስታ ሲሉ እቴቴ በከዘራቸው መሬቱን መቱ።
"የእናቴ የሥርጉት አያት ናቸው። ዘመድ ናችሁ።"
እኛም ብንቆጥር አምስት። ከሃይሚ ወዲያ እኔ፣ ደምሴ አባቴ፣ ሥርጉት አያቴ፣ አባቷ፣ ከዚያ ባላምባራስ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ማን ይጋባል? ሰዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።
ሃይሚ አላለቀሰችም። የእንግዶቹን ብርጭቆ ሰብስባ ማጠብ ጀመረች።

ኅዳር 16
"አባዬ፣ በቃ ተወው" አለችኝ። አልተወውም! እናቷ ስትሞት አደራ ያለችው እኔን ነው። ሰው ሲቆጥር ይሳሳታል... አንድ ቤት ተዘሎ ይሆናል። የሁለቱንም ወገን ስም በስም እጽፋለሁ። ዛሬ ጀመርኩ።

ኅዳር 21
እንጦጦ ወጣሁ። አቶ ወልደ ኢየሱስ አሉ፣ ድሮ እዚህ የካ የአያቴ ጎረቤት የነበሩ፣ አሁን ልጃቸው ቤት የሚጦሩ። ስሞቹን አነበብኩላቸው። አያቴ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።
"ደምሴን በእትዬ ሥርጉት በኩል ነው እንዴ የምትቆጥረው?"
በማን በኩል ልቁጠረው? ልጇ አይደል? ደነገጡ፣ አፋቸውን ያዙ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ... ሁለት ሰዓት ቁጭ አልኩባቸው። አባቴን የወለደችው ሥርጉት አይደለችም አሉ። ኡርጂ የምትባል ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ነበረች። አሁን እኔ የምኖርበት የአያቴ ቤት ደጃፍ ላይ ታማ ወደቀች፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጇ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አያቴ እንደ ልጇ አሳደገችው። እሳቸው በወሬ ነው የሰሙት። ያየችው በለጡ ናት አሉ።
ሃምሳ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው። አባቴ ያውቅ ነበር ይሆን?

ኅዳር 22
ሥራ ትቼ እቴቴ ቤት። "ኡርጂ ማናት?" ስላቸው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።
"ወንድሜን ከቤቴ ልታስወጣብኝ ነው የመጣኸው?"
ከዚያ ነገሩኝ። ሰባት ዓመታቸው ነበር። ልጁን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናታቸው ደግሞ አስምላቸዋለች፣ ከልጆቼ ለይተሽ ብትናገሪበት ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ ብላ። እኔ ሞኙ ያን እሑድ በተንኮል የቆጠሩ መስሎኝ ነበር! ወንድሜ አይደለም ማለት አቅቷቸው ነው።
አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፣ ሂድ አሉኝ።

ኅዳር 28
የነፍስ አባታችንን አማከርኩ። ደም ካልሆነ መንገድ አለው፣ ግን ያየ ሰው በአፉ ይመስክር አሉ። ያየ ሰው አንድ... እሱም አፉ የታሰረ።
ሽማግሌዎቹን ለታኅሣሥ 5 መልሼ ጠራሁ። እቴቴም ዘንድ ላክሁ። ቢመጡም ባይመጡም እናገራለሁ።

ታኅሣሥ 3
ለሃይሚ ነገርኳት። "ታዲያ እኛ የማን ነን?" አለች።

ታኅሣሥ 5
እቴቴ መጡ። ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ፊቴን ግን አላዩም።
ተነሥቼ ቆጠርኩ። ሣህሌ፣ እኔው። ደምሴ። ኡርጂ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም አልኩ። ሰው ሰባት ይቆጥራል፣ እኔ ሦስት ቆጥሬ ቆምኩ። አፈርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን አልተቀመጥኩም።
የአምሃ አጎት ያየ አለ ወይ አሉ። ሃይሚን አየኋት፣ እሷ እቴቴን ታያለች። እቴቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።
"እኔ አይቻለሁ። ሥርጉት አልወለደችውም። የወለደችው ኡርጂ ናት። እናቴ ይቅር ትበለኝ።"
ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።
"ለሰርጉ ባዳ ሁኑ፣ ፈቅጃለሁ። ለለቅሶዬ ግን የወንድሜ ልጅ ነህ። መርዶዬን ከሰው ሁሉ በፊት አንተ ነህ የምትሰማው።"
የአምሃ አጎት ተነሥተው ጉልበታቸውን ሳሙ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ታኅሣሥ 12
ሚካኤል። እቴቴ ለሚካኤል በኅዳር ብቻ ነበር የሚወርዱት፣ ዛሬ ጠዋት ግን ሳይነግሩን መጡ። እኔንና ሃይሚን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄዱ፣ ወደዚያ ወይራ።
"እዚህ ናት" አሉ።
የመቃብር ድንጋይ የለ፣ ምልክት የለ። በየዓመቱ እዚህ ጧፍ ሲያበሩ እኔ ጥላ ይወዳሉ እል ነበር። እንዴት ቻሉት ብዬ ጠየቅኋቸው።
"እናቴ አትናገሪ አለችኝ እንጂ ጧፍ አታብሪ አላለችኝም።"
ሃይሚ ጧፉን ከእጃቸው ተቀብላ ለኮሰች። ሦስታችንም ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጥን። ስንወጣ እቴቴ ክንዴን ያዙ፣ ቁልቁለቱን እስክንጨርስ አለቀቁኝም።
ነገ ጋራዥ ስገባ መጀመሪያ የምሠራው የሰው መኪና አይደለም። ላሜራ ቆርጬ ስሟን እበይዳለሁ። ኡርጂ፣ የደምሴ እናት። ከሥሩ ደግሞ፦ ያሳደገችው ሥርጉት፣ ያዘለችው በለጡ።