ጥለቱ ወደ ላይ

ደባርቅ፣ ኅዳር 1971 ዓ.ም.

አምባራስ ላለችው ለእናቴ ይድረስ፤

እናትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ብርድ ሲገባ የሚቀሰቀስብሽ ሳል ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ገብሱ በደህና ገባ ወይስ ውርጭ ቀደማችሁ? ጥቁሯ ላም መውለዷን የጊቹ ነጋዴ ሸሀቡ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ዳሩ ግን ይህን ወረቀት የሚያነቡልሽ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ናቸውና በነፍስ አባቴ አንደበት መዋሸት ከበደኝ። ጤናዬ ግን ደህና ነው።

የላክሽው በሶ ደርሶኛል። መልእክትሽም ደርሶኛል። ወንድሜን ክንዴን ከሰኔ ጀምሮ ካሰሩበት መቼ ይፈቱታል፣ ስንቁን ይቀበሉሻል ወይ፣ ሲወስዱት የደረበውን ጋቢ ይለብሰዋል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እመልስልሻለሁ። ግን በራሴ መንገድ ልምጣበት። አንቺስ ብትሆኚ አንድ ወሬ ለማውራት ከሊማሊሞ ግርጌ ተነሥተሽ አይደል ደባርቅ የምትደርሺው? ልጅሽ ነኝና ታገሺኝ። መጀመሪያ ስለ ፋሽን ልንገርሽ።

እናንተ ዘንድ ቀሚስ እስኪያልቅ ይለበሳል። እዚህ ግን ወቅት በተለወጠ ቁጥር የልብሱም ዓይነት ይለወጣል፤ እሱን ነው ፋሽን የሚሉት። አምና ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ነበር የያዙት፤ ክንዴም አሰፍቶ መምህር ነኝ ሳይል የደባርቅን አቧራ ሲጠርግበት ከርሟል። ሴቶቹ ደግሞ ጉልበት የማይሸፍን ጉርድ ለበሱ፤ አንቺ ብታዪ ታማትቢ ነበር። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የአብዱልቃድር ነው። ኮትና ሱሪ እሱ ይሰፋል፤ የሴት ልብስ የምትሰፋው ግን ልጁ ነሲባ ናት። ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ልታሰፋ የመጣችውን ሴት ከእግር እስከ ራሷ አየት ታደርግና ጨርቁ ላይ መስመር እንኳ ሳታሰምር በመቀስ ትገባበታለች። አባቷ ጨርቅ ጨረስሽብኝ ብሎ ይቆጣል፤ ሴትዮዋ ለብሳው ስትወጣ ደግሞ ዝም ይላል። እኔ እሷ የሰፋችውን በእጄ እዘመዝማለሁ። ጨርቅ የሚያመጡልን የጎንደር ነጋዴዎች ይህች ልጅ አዲስ አበባ ብትሄድ ስም ይወጣላት ነበር ይላሉ። ስሟስ እዚሁ ወጥቷል፤ የወጣበት ነገር ነው የከፋው።

ጨው የምትሸጠውን እትዬ ማንጠግቦሽን ታውቂያታለሽ። በሐምሌ አንድ ማለዳ ትልቁን ልጇን ከመንገድ ዳር ወድቆ አገኘችው። ሽማግሌ ሄዶ አላረዳትም፤ ጎረቤት ቤቷ አልገባም። መሰብሰብ ክልክል ነው። ጥቁር መልበስ ክልክል ነው፤ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም ክልክል ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እዚህ ግን እንባው ሞልቶ ማልቀሻው ነው የጠፋው። ማንጠግቦሽ የቀራት ነገር ቢኖር ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አድርጋ ገበያ መውጣት ነበር። ጠመንጃ ያነገተ አንድ ጠባቂ አያትና ለአብዮቱ ጠላት አይለቀስም፣ ገልብጪው አላት። ገበያው ሁሉ እያየ ገለበጠችው። ጥለቱ እንደ ሠርገኛ ከታች ሆነ። እሷም ተመልሳ ጨው መስፈር ጀመረች።

ነሲባ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ይህን ሁሉ አይታለች። ያኔ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ግን ከተሰቀሉት ነጭ ቀሚሶች አንዱን አወረደችና ከታች የነበረውን ጥለት ተርትራ አንገቱና ትከሻው ላይ ሰፋችው። አንቺ እስላም፣ የእኛን ለቅሶ ከየት ተማርሽው ብላት፣ ገበያ ዳር ያደገ ሰው የሁሉንም ለቅሶ ያውቃል አለችኝ። ነጠላ ይገለበጣል፣ የተሰፋውን ግን ማን ይገለብጠዋል አለች። ቀሚሱን ለማንጠግቦሽ ሰጠቻት። ሌላም ሠርታ በራፉ ላይ ሰቀለችና ከጎኑ የመስከረም አዲስ ፋሽን ብላ በጠመኔ ጻፈችበት። ያው ጠባቂ መጥቶ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ሲላት ሳቀችበት። አስመራ ይህን ያልለበሰች ሴት የለችም፣ አንተ ፋሽን አታውቅም እንዴ አለችው። አላውቅም ላለማለት አውቃለሁ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሴቶች ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ የደባርቆቹ፣ ቀጥሎ የዳባቶቹ። የማንንም ስም አልጽፍልሽም። ሴትዮዋ ገብታ ያንን ቀሚስ ትላለች እንጂ ሌላ አትናገርም። ነሲባ ለክታ ስትጨርስ ዕድሜው ስንት ነበር ብላ በጆሮዋ ትጠይቃታለች። ለጎልማሳ ጥለቱን ታሰፋዋለች፤ ለወጣት ታጠበዋለች። እኔ ደግሞ እዘመዝመዋለሁ። እናትዬ፣ የዚህን አገር ሙታን ፊታቸውን ሳላይ በመርፌ አውቃቸዋለሁ። አብዛኛው ጥለት ጠባብ ነው። አንዳንዴ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ እንኳ ጣቶቼ ይዘመዝማሉ፤ ነሲባ እጄን ትይዝልኛለች።

ይባስ ብሎ ማንም ያልሞተባቸው ኮረዶች ፋሽን ነው ብለው ወደዱት። እነሱን እምቢ ብንል ሌሎቹ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ ሰፋንላቸው። ለመስቀል ደመራው ዙሪያ ጥለቱን ወደ ላይ ያደረገው ብዛቱ አስፈራኝ። የሚያዝነውና የሚያጌጠው አንድ ዓይነት ለብሶ አብሮ ይዞራል። ጠባቂዎቹም አብረው ያጨበጭባሉ።

ጥቅምት ሲያልቅ ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሚስት ያንን ፋሽን እፈልጋለሁ ብላ ላከችብን። ነሲባ ሰማችና መቀሷን አስቀመጠች። እሷን አንቺ ለኪያት አለችኝ። ሜትሩን አንገቴ ላይ አድርጌ እኔ ሄድሁ።

ቤቱ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰው ነው። አሁን ብታዪው አታውቂውም። ግድግዳው ተለስኖ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ በመንገዱ በኩል አፍርሰው ሰፊ የመስተዋት መስኮት አስገብተውበታል። ራዲዮኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ቡፌው ላይ የላስቲክ አበባ ቆሟል። ሴትዮዋ ልጅ ናት፣ ክፉም አይደለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚህ የሚያጫውታት ሰው ስለሌለ እኔን እየመራች ክፍሉን ሁሉ አሳየችኝ። ቤትን በዕቃ መሙላት ያለፈበት ነው፣ አሁን ሞዱ ክፍት ቦታ መተው ነው አለችኝ። በየቤቱ ስንት ክፍት ቦታ እንዳለ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውሁት።

ሶፋው ላይ ነጭ ጋቢ ተነጥፏል። የአገር ባህል ልብስ እንዲህ ጣል ማድረግ ዘመናዊ ነው አለችኝ። ልለካት ጎንበስ ስል ጫፉን አየሁት። እናትዬ፣ እዚህ ላይ ክንዴን ይቅር በይልኝ፤ ሲጋራ እንደሚያጨስ ደብቀንሽ ነበር። በሲጋራ ያቃጠላትን ቀዳዳ ነጭ ክር አጥቼ በሰማያዊ የጠቀምሁለት እኔ ነኝ። የእጄን ስፌት አልስትም። ፈትሉም ያንቺ ነው፤ ወፈር ቀጠን የሚለውን ፈትልሽን ዓይኔን ጨፍኜ ብዳብሰውም አውቀዋለሁ።

ጋቢው ያምራል፣ ከየት መጣ አልኋት። ባሌ ነው ያመጣው፣ እዚያ ከቢሮው ጓዳ የሚያነሣው ሰው ያጣ ልብስ ተከምሯል ይላል አለችኝ። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘረጋሁት። ቁጥሩን አይቼ ወዲያው ጠፋብኝ፤ ደግሜ ለካሁ። ጥለቱን ሰፋ አድርጊልኝ አለች። ቀጥላም እሱን ቀሚስ የሚለብሱት ሴቶች ለምንድን ነው የማይስቁት ብላ ጠየቀችኝ። አዲስ ነገር ነውና እስኪለምዱት ነው አልኋት።

ከመስከረም ወዲህ እስር ቤቱ በር ላይ ስንቁን አይቀበሉኝም ነበር። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ይሉኝ ነበር። ማመን ስለፈለግሁ አመንኋቸው። በሶሽን የማንጠግቦሽ ትንንሽ ልጆች ናቸው የበሉት።

ቀሚሱ አልቆ ስወስድላት ሴትዮዋ ልትከፍለኝ ቦርሳዋን አነሣች። ገንዘቡ ይቅር፣ ያንን ጋቢ ስጪኝ አልኋት። አሮጌ ጋቢ ምን ያደርግልሻል ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች። የለበስሁትንም አየች፤ ነሲባ ምንም ሳልነግራት ሰፍታ የሰጠችኝን ጠባብ ጥለት። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ጋቢውን ራሷ ከሶፋው አንሥታ አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። ለባሏ ትነግረው ይሆናል ብዬ ስፈራ ሰነበትሁ፤ እስካሁን የመጣብን የለም። ቅዳሜ ገበያ አየኋት። ቀሚሱን ለብሳዋለች። እሷም እንደ ሌሎቹ አትስቅም።

እናትዬ፣ ለአንቺ ያንን ቀሚስ አልላክሁልሽም። አምባራስ ገልብጪ የሚልሽ የለም፤ ነጠላሽ ይበቃሻል። ጋቢውን ልኬዋለሁ፤ ሸሀቡ ለቄስ ገብረ ክርስቶስ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። እኔ ራሴ እንዳልመጣ የይለፍ ወረቀት ከለከሉኝ፤ ይህን ነገር በወረቀት ከመላክ እግሬ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ሸሀቡን፣ ማታ ብትደርስም እንዳትሰጣቸው፣ እስኪነጋጋ አቆየው ብዬዋለሁ። ቄሱንም በእሱው አፍ አደራ ብያቸዋለሁ፤ አስቀድመው ጎረቤቱን ጠርተው፣ አክስቴን ከጎንሽ አስቀምጠው፣ ያኔ እንዲያነቡልሽ። ይህን ሁሉ ሰው በማለዳ ምን አመጣው ሳትዪ አልቀረሽም። ቀና ብለሽ እያቸው። እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ድምፅሽን አውጪው፣ እናትዬ፤ የእኛንም ጨምረሽ አውጪልን።

የአምባራሱ ታቦት ይደግፍሽ፤ እግዚአብሔር የሚያስችል ልብ ይስጥሽ፤ እስክንገናኝ ዕድሜሽን ያቆይልኝ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

አንድያ ልጅሽ