የመርጃኑ መብራት

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት እማዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የመቲ ዝናብ ሲበረታ እንደሚጠዘጥዝዎት ስለማውቅ ባየሁት ደመና ሁሉ አስብዎታለሁ። ላሟ ወለደች? ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኛን ከጠየቁ፣ የጋምቤላ ሙቀት ጨርቅ የሚያስጥል ሆነብን እንጂ በአካል ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። የላኩልን ማር ደርሶናል። ልጅዎ ሙስዓብ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና "የእማዬ ቀፎ ነው" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን አልነካውም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ ይገባኛል። በስልክ ድምፄን ቶሎ ያውቁብኛል። ባለፈው ጁምዓ ደውለው አልቅሰሻል እንዴ ሲሉኝ ጉንፋን ነው አልኩዎት። ጉንፋን አልነበረም። አጎታችን ሱሌማን ዕቃ ሊጭኑ እዚህ ስለመጡ፣ ሲመለሱ በእጃቸው እንዲያደርሱልኝ ብዬ ይህን ጀመርኩ። ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እየተነሳሁ ስለሆነ ነገሬ ቢቆራረጥብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ልጅዎ ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ ለምን አንድ ቀን እንኳ መቲ መጥቶ አላየዎትም? ለዒድ ይመጣል አልኩዎት፤ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩዎት። ሥራው እርግጥ አለ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶላር የሚፈልገው ሰው ሱቁን ይሞላዋል። እሱ ግን ሱቁን ለእኔ ትቶ፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ባሕር ሲሠራ ነው የከረመው።

አይሳቁብኝ፤ እውነቴን ነው። ጅዳ ሳሉ የእሱና የወንድሙ የሳኒ ሥራ ምን እንደነበር በደንብ ነግረውዎት እንደሆነ አላውቅም። በሀብታም ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ ይተክላሉ። ገንዳው ውስጥ የባሕር ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ደግሞ በሕይወት ያለ መርጃን። እርስዎ በአንገትዎ ያሰሩት ቀዩ መርጃን ባሕር ውስጥ ሳለ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚዘጋ ነፍስ ያለው ነገር ነው ቢሉኝ እኔም አላምንም ነበር። ገንዳውን ሙስዓብ ይገጥማል፤ መብራቱን ሳኒ ይሰቅላል። ለመብራት እንደ ሳኒ ያለ ሰው አልነበረም። አልነበረም ያልኩት ያኔ፣ አብረው ሳሉ ለማለት ነው።

ሙስዓብ በመጋቢት ብቻውን ሲመጣ፣ ሳኒ ኔትወርክ ወደሌለበት በረሃ ለሥራ ሄዷል ብሎ ለእርስዎ የነገረዎትን ነው ለእኔም የነገረኝ። እኔም አመንኩ። የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም።

ግን እማዬ፣ የመጣው ሰው መቀመጥ አይችልም ነበር። ምግብ ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል። በዚያ ፀሐይ ከገበያው እስከ ባሮ ድልድይ በእግሩ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ ለይተውት "ዛሬም ሄደ" ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት የጀርባዋን ክፍል ባዶ አድርጎ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ሲያሰምር አገኘሁት። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ እዚህ አንድ ነገር እተክላለሁ አለኝ። ሥራ ይዞ ቢረጋልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

የብረት መቆሚያውን የበየደለት ጎረቤታችን ኦጁሉ ነው። አኙዋክ ነው፤ በዕድሜ ከሙስዓብ ይበልጣል፤ እኔ ብቻዬን ሱቁን በምጠብቅበት ዘመን ወንድም ሆኖኝ የኖረ ሰው ነው። ሙስዓብ የተጣራ ውሃ በጀሪካን እያስመጣ፣ ከጅቡቲ የተላከለትን የባሕር ጨው ሲበጠብጥ ኦጁሉ ቆሞ አየውና፣ "ባሮ እዚህ ነው፣ ውሃ ሞልቷል። አንተ ውሃ ለምን ትሠራለህ?" አለው። ሙስዓብ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መርጃኖቹን የላከለት ጅቡቲ የሚሠራ ጓደኛው ነው። ከነውሃቸው በላስቲክ ታስረው፣ በፎም ሳጥን ታሽገው፣ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን መጡ። እኔ ጌጥ ጠብቄ ነበር። ያየሁት ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ እርጥብ ጨርቅ የሚመስል ነገር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ነው። ለዚህ ነው እንዴ ቤቴ የፈረሰው አልኩ በልቤ። ውሎ ሲያድር ግን ተከፈቱ። አንዱ እንደ ሕፃን ጣቶች ይወዛወዛል። ሌላው ሰማያዊ መብራት ሲነካው አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። ሱብሐነላህ አልኩ፤ ምን ልበል?

ይቆዩኝ፣ ደንበኛ መጣ።

ተመለስኩ። አምፖል ፈልጎ ነው። ይህን ካነሳሁ ልንገርዎት፤ ሙስዓብ አምፖል ሲሸጥ እንደሚሠራ ለማሳየት ማብሪያውን ራሱ አይጫንም። እኔን ይጠራል፤ ወይም ገዢውን እስቲ ራስህ አብራው ይለዋል። በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ክፍሉ ጨልሞበት ይቀመጣል እንጂ ተነስቶ አያበራም። የጅዳ ኩራት መስሎኝ በሆዴ ስንት ጊዜ አማሁት! ማብሪያ የሚሸጥ ሰው ማብሪያ የሚፈራ ከየት ይመጣልኛል?

ወደ መብራቱ ልመለስ። መርጃን የሚኖረው በብርሃን ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ አለኝ፤ ብርሃኑን ተቀብለው እሱን ይቀልቡታል። ብርሃኑ ካነሰ ይራባል። ከበዛበት ደግሞ እነዚያን ቀላቢዎቹን ከላዩ ያራግፍና ነጭ ይሆናል፤ ከቆየም ይሞታል። ስለዚህ መብራቱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይበራል፤ ከዚያ እየለመደ ሲሄድ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። ሙስዓብ ከጣሪያው ሰንሰለት አውርዶ፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀላቀለበትን መብራት አንጠለጠለው። ከዚያማ እረፍት የለም። ስንዝር ያወርደዋል፤ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ ተነስቶ ግማሽ ስንዝር ይሰቅለዋል። ውሃው በእኛ ሙቀት እንዳይፈላ ደግሞ ለእኛ የነበረው ፋን ወደ ገንዳው ዞረ። እኔ በላብ ስጠመቅ መርጃኖቹ ነፋሻ አየር ያገኙ ነበር።

ሽቦውን ሲዘረጋ ያደረገውን ጥንቃቄ ቢያዩ! እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ጠብታ ቢወርድበት ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት እንዲወድቅ። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ይወዳል አለኝ። አንድ ብሬከር አይበቃም ብሎ ሁለተኛ ጨመረ። ሕግም አወጣልኝ፤ ሶኬቱ ሳይነቀል ማንም እጁን ውሃው ውስጥ አይከትም። እኔ ወደዚያ ክፍል ስገባ፣ ለመጥረግ እንኳ ብገባ፣ "ነቅለሻል?" ይለኛል። ነቅያለሁ እለዋለሁ። ሄዶ በዓይኑ ያያል።

መብራቱን የሰቀሉ ዕለት ኦጁሉ ሲያግዘው ውሏል። እጁ ከገንዳው ውሃ ሳይደርቅ ሶኬቱን ልሰካ ብሎ ሲዘረጋ፣ ሙስዓብ አንጓውን ይዞ እንደ ሌባ ወደ ኋላ ጎተተው፤ ጮኸበትም። ኦጁሉ እጁን አስለቀቀ። "እኔ ልጅ አይደለሁም" አለና የብየዳ መነጽሩን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ይቅርታ በለው ብዬ ብለምነው፣ ይቀየመኝ፣ በሕይወት ሆኖ ይቀየመኝ አለኝ። ነገሩ አልገባኝም። ለአንድ ሶኬት ይህን ያህል ዓመት ወንድም የሆነን ሰው ማጣት!

ከዚያ ትልቁ መርጃን ከጠርዙ መንጣት ጀመረ። መብራቱን ቶሎ አውርዶበት ነው። ሙስዓብ ምግብ አቆመ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ በእኔ እጅ ነው፣ በእኔ እጅ ነው ይላል። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። እናትህ መቲ ላይ በር በሩን እያዩ፣ አንተ ለድንጋይ ሐዘን ተቀምጠሃል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እንዲያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። መብራቱን ወደ ላይ ሰቀለና ወጣ። እማዬ፣ ምነው ያን ቃል ባልተናገርኩት።

በሳምንቱ አቦቦ ሄደ፤ አልዌሮ ግድቡ አጠገብ ላለ የሩዝ እርሻ የሶላር ፓምፕ ሊገጥም። ማታ ነው የምመለሰው ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ብገባ ትንሹ መርጃን፣ ያ አረንጓዴው፣ ከድንጋዩ ተንሸራቶ በፊቱ አሸዋው ላይ ተደፍቷል። ይሞትበታል ብዬ ደነገጥኩ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ሶኬቱን አላሰብኩትም። መብራቱ ከራሴ በላይ ይበራ ነበር።

ሙስዓብ መኪና አግኝቶ ቀድሞ ተመልሶ ኖሮ፣ በሩ ላይ ደረሰ። ሲገባ አልሰማሁትም። በሁለት እጁ ገፍቶኝ ግድግዳው ጋ ወደቅኩ፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል። ገመዱን ከነሶኬቱ ከግድግዳው መንጭቆ አወጣው። ከዚያ እጄን ያዘ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈ እየዘረጋ ያያል፤ ያፍታታል፤ ደረቴ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም ብዬ ብነግረውም አይሰማኝም። በመጨረሻ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ።

"ሪድዋና፣ ጠይቄው ነበር እኮ" አለኝ። "እጅህን አውጥተሃል ብዬ ጠይቄዋለሁ። አዎ ያለኝ መሰለኝ። ፋኑ እየጮኸ ነበር።"

ማንን እንደጠየቀ፣ በማን ቤት፣ ማብሪያው አጠገብ የቆመው ማን እንደነበር እዚህ አልጽፍም። ያን ቀን የነገረኝን ሁሉ ራሱ ይነግርዎታል። በወረቀት የሚነገር አይደለም፤ እኔም የምናገረው አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ መብራቱን የማበራለት እኔ ነኝ፤ ሳይጠራኝ።

ኦጁሉ ነገሩን ከማን እንደሰማ አላውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም። በማግስቱ ዓሣ ይዞ መጣ። ስለ ጠቡ ምንም አላነሳም። በርጩማ ስቦ ሙስዓብ አጠገብ ተቀመጠና ሁለቱም ውሃውን ሲያዩ ዋሉ። ሙስዓብ አልተነሳም። ከመጣ ወዲህ ያን ያህል ሲቀመጥ አላየሁትም። መርጃኑም መብራቱ ከፍ ካለለትና ሰዓቱ ካጠረለት ወዲህ ከጠርዙ ቡናማው እየተመለሰ ነው። ይተርፋል ይላል።

አጎታችን ሱሌማን ሁሉንም ሰምተዋል። ይህን የሚያነቡት እሳቸው አጠገብዎ ተቀምጠው ነው፤ እኔ ነኝ እንዲቀመጡ የለመንኳቸው። ምንም አይጠይቋቸው። ይነሱና አብረዋቸው ይምጡ። ላሟን ጎረቤት ይያዝልዎ። ጥቂት ቀን አይደለም፤ ሰንብተው ለመሄድ ይዘጋጁ። ሰው ይመጣል፤ ቤታችን ጠባብ ቢሆንም ኦጁሉ ግቢው ውስጥ ድንኳን ልትከል ብሎኛል።

እንደምጽፍልዎ ሙስዓብ ያውቃል። ምን ብለሽ ጻፍሽ አለኝ። ይምጡ ብዬ ነው አልኩት። ወደ ክፍሉ ገባ፤ ወጣ፤ ደግሞ ገባ፤ ሰንሰለቱን ሲነካካ ሰማሁት። ኋላ ከውስጥ ሆኖ "ትምጣ" አለ። "ግን ስትሰማ ዓይኗን አላይም።"

እማዬ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ለእናት ምክር አልሰጥም። ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሲደርሱ ከደጅ ያገኙታል፤ ይሸሽዎታል፤ አይተዉት። ያስቀምጡት። አፉን ከመክፈቱ በፊት እጅዎን ራሱ ላይ ያኑሩለት። ተናግሮ ሲጨርስ፣ የሰሙት ምንም ይሁን ምን፣ እጅዎን እንዳያነሱበት።

አላህ መንገዱን ያቅናልዎ፤ ልብዎን ያጽናልዎ፤ የሄደውንም የቀረውንም በራሕመቱ ይያዝልዎ። ዱዓዎ አይለየን።

ልጅ ያደረጉኝ ምራትዎ
ከጋምቤላ