የጠረጴዛ ሰባቱ «አትላስ» የሕይወት ታሪክ፣ ባለቤታቸው እንደጻፉት

በልጆቻቸው «አባባ»፣ በማተሚያ ቤት «አራሚው»፣ በሐሙስ ጓደኞቻቸው ዘንድ ደግሞ «አትላስ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ሰው ከባቡር ሐዲድ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መስከረም 14 ቀን 1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው እንደሚሉት አፋቸውን የፈቱት በጥያቄ ነው፤ ሌላው ልጅ «እማ» ሲል እሳቸው ጣታቸውን ወደ ሁሉ ነገር እየቀሰሩ «ይሄስ?» ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በረዳት አራሚነት ተቀጠሩ፤ ኋላም የአራሚዎች ክፍል ኃላፊ ሆነው እስከ ጡረታቸው በታማኝነት አገልግለዋል። በዚያ ክፍል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በእርሳስ ይከተላል። የእሳቸው ዕውቀት የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ የጉምሩክ ታሪፍ፣ ነገ የንብ እርባታ መመሪያ፣ ከነገ ወዲያ የሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያርማሉ፤ አንዴ ያነበቡት ከአእምሯቸው አይወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ወረቀቱ ነበሩ፤ ሞኟ ማን እንደነበረች ወደ ኋላ ይታያል።

በ1976 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። የተገናኙት ባንክ ውስጥ ነው። ደመወዛቸውን ሊያወጡ መጥተው መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በኪሳቸው ብዕር ሲያርሙ ጥበቃው እጃቸውን ያዛቸው፤ ገንዘብ ከፋይዋም ሳቋ አምልጧት «ተዋቸው፣ ትክክል ናቸው» አለች። ያች ገንዘብ ከፋይ እኔ ነኝ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደን አሳድገናል። ባለቤቴ ገበታ ላይ ልጆቹ ጉርሻቸውን እስኪውጡ እንኳ አይጠብቁም ነበር፤ «የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ማን ናት?» ይላሉ። ሴት ልጃችን «ሲድኒ» ስትል ሳህኗን ወደ ራሳቸው ይጎትቱና «ካንቤራ» እስክትል አይመልሱላትም።

በ1988 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ሐሙስ ሐሙስ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ጀመረ። ባለቤቴም ከአንድ የእግር ኳስ ዳኛ፣ ከአንድ የአሳንሰር ጠጋኝና ከአንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ጋር ሆነው በሰባተኛው ጠረጴዛ ተሰየሙ። ስፖርቱ የዳኛው፣ ማሽኑና ዘፈኑ የጠጋኙ፣ የሰውነት ክፍልና እንስሳው የሴትየዋ ነበር። የቀረው ዓለም በሙሉ የባለቤቴ ነው፤ ብዕሩም የእሳቸው። በጠረጴዛው ዙሪያ የፈለገው ክርክር ቢነሳ የሚጻፈው ብዕር ያዡ ያመነበት መልስ ነው። እንግዲህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሐሙስ የእኔ አልነበረም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ባለቤቴ ግን ከዚያ ጠጥተው ሲመለሱ የሚያወጡት የወንዝ ርዝመት ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ መጠጥ ቤቱ «የትዳር ጓደኛችሁን ይዛችሁ ኑ» አለ። ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ፣ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ። ጠያቂው በማይክ «ንብ ስንት ክንፍ አላት?» አለ። እኔ ፈጥኜ በጆሯቸው «ሁለት» አልኩ። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ረጋ ብለው «አራት ናቸው» አሉ። ባለቤቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩና «አራት» ብለው ጻፉ። መልሱ አራት ነበር። በዚያች ነጥብ አንደኛ ወጡ፣ ጠረጴዛው ተደበደበ፣ ሴትየዋም ትከሻዬን ይዘው «አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል» አሉኝ። እህት የለኝም።

ነገሩ የንብ ጉዳይ አይደለም። ባል የሆነ ሰው «ሁለት» ብሎ ጽፎ ደረቱን ነፍቶ ይሸነፍ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ይህንኑ ብነግራቸው «እና ሁለቱን ክንፏን ልቆርጥባት ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያን መጠጥ ቤት በእግሬ ረግጬው አላውቅም።

ከጡረታቸው በኋላ ስማቸው ርቆ ሄደ። ሠራተኞቻቸው የተኳረፉባቸው ድርጅቶች «የቡድን መንፈስ ማጠናከሪያ» በሚሉት ቀን ጥያቄ እንዲያዘጋጁላቸው ይጠሯቸው ጀመር። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። የማይነጋገሩትን ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ግማሹን አንዱ፣ ግማሹን ሌላው የሚያውቀውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንድ የሒሳብ ኃላፊና አንድ የመጋዘን ኃላፊ ለዓመታት በማስታወሻ ብቻ ሲነጋገሩ ኖረው፣ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው የጠረጴዛቸውን ሰዎች ለማሳመን ሲሉ እንደታረቁ ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ጥያቄዎቹን ግን የሚያዘጋጁት መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ከሴትየዋ ጋር ነበር፣ እኛ ቤት ጠረጴዛ የሌለ ይመስል።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ማታ ማታ «እግሬን ላፍታታ» እያሉ መውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ተከተልኳቸው። ከመንገዱ ማዶ ከቆመ መኪና ጀርባ ሆኜ በመድኃኒት ቤቱ መስታወት አየሁ። ባለቤቴ መደርደሪያው አጠገብ ቆመዋል፤ ሴትየዋ በብርጭቆ ውኃ አቀበሏቸው፤ ጠጡ፣ ብርጭቆውን መለሱ፣ ወጡ። ሌላ ምንም አልነበረም። ቢሳሳቁ ይሻለኝ ነበር። ውኃ የሚያቀብል የቤት ሰው ነው። ያን ማታ ራት አላቀረብኩም፤ እሳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁም፣ ያ ሁሉ ጥያቄ እያላቸው።

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የቤታችንን ደረጃ ሲወጡ ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በልበ ሙሉነት «ምንም የለም፣ ጤነኛ ናቸው» አልኩት። ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ «ሦስት መድኃኒት ይወስዳሉ» አለ። ልጄ ጠረጴዛ ሰባትን በስልክ ጠርቷቸው ኖሯል። ሴትየዋ የእያንዳንዱን ስም፣ መጠኑን፣ ልባቸው መድከሙ መቼ እንደታወቀ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ሁሉ ወደ ሴትየዋ አዞረ።

ኮሪደር ላይ «እርስዎ ይህን ከየት ሰሙ?» አልኳቸው።

«መድኃኒቱን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ቤት ይዘውት መግባት ስላልፈለጉ ማታ እኔ ጋ መጥተው ይውጡ ነበር። እንዳልነግርሽ አስምለውኛል፣ እህቴ።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ባለቤቴ ትንሽ ሲሻላቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ «ለእሷ ነግረህ ከእኔ ትደብቃለህ?» አልኳቸው።

«አንቺማ ብትሰሚ ሐሙስን ትከለክይኝ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እከለክላቸው ነበር። እጄን ያዙና «እሷ ጋ በሽተኛ ነበርኩ። ቤቴ ስገባ ግን ደህና ሰው ነበርኩ። አንቺ ስትቆጪኝ እንኳ የምትቆጪው ደህናውን ሰው ነበር፤ ያ ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ።

በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው ሕመሙ ስለጠናባቸው ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። የጠረጴዛ ሰባት ሰዎችም እንደ ቤተሰብ እንዲቆጠሩ ዳኛውን አማላጅ ልከዋል። እሺ ብያለሁ፤ ከልጅ ልጆች በኋላ ይቆጠሩ።

ይህን የሚያነበው ወንድ ልጃችን «እማዬ፣ ይሄ ለቀብር አይሆንም፣ ሙት ወቃሽ ያስብልሻል» ብሎኛል። እየወቀስኩ አይደለም፤ እየቀናሁ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። እሱም ሳይዘል ያንብብ።

የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ዛሬ እዚህ አሉ፤ ከሰው ኋላ እንደሚቆሙ አውቃለሁ። ከቀብር በኋላ ወደ ቤትዎ እንዳይሄዱ። ወደ እኛ ቤት ይምጡና ከእኔ አጠገብ ይቀመጡ። የባለቤቴ ሁለት ዓመት እርስዎ ጋ ነው ያለው። መጀመሪያ የደከማቸው ዕለት ምን ይመስሉ እንደነበር፣ ፈርተው እንደሆነ፣ ያን ውኃ ሲጠጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ይነግሩኛል። አልወደድኩዎትም፤ ዛሬም አልወድዎትም። ግን ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሌሊት ተነስቼ ትንፋሻቸውን ማዳመጥ የእኔ ድርሻ ነበር፤ እኔ ግን አጠገባቸው ተኝቼ አንኮራፋሁ።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ ለእኔም ያመለጠኝን ጭንቀት ይመልስልኝ።