የጠብ ፈሊጦችና የጨርቁ መቀስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጠዋት እንግሊዝኛ ክፍል። የውጭ አገር ደንበኛ ሲመጣ እስከ መቼ በምልክት እናውራ? መምህሩ የጠብ ፈሊጦች ጀመረልን። «መጥረቢያ መቅበር» ማለት መታረቅ ነው። «በእንቁላል ቅርፊት ላይ መራመድ» ደግሞ ቁጡ ሰው አጠገብ ተጠንቅቆ መኖር።
«መሸምደድ አይበቃም። በገዛ ጠባችሁ ተጠቀሙበት!»
ጠብ ከየት ላምጣ? ሱቅ እንደገባሁ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ቆራርጬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ሥራ። ታላቅ እህቴ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ጠቡ በእግሩ መጣ። የጨርቁ መቀስ ደንዟል፤ ሐሩን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ወረቀት ተቆርጦበታል! በእኛ ቤት ከዚህ የባሰ ወንጀል የለም። አባዬ የሚቆጣን በዚህ ብቻ ነበር።
«የልብስ ሞዴል በወረቀት ስታወጪ በሱ ቆርጠሽ ነው» አልኳት።
«እኔ? ሃያ ዓመት መቀስ ይዤ?»
«ታዲያ መቀሱ ራሱ ቆረጠ?»
«ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
በደንበኛ በኩል ሆነ ወሬያችን። «ወገቡን ታጥብበው በያት» ትላታለች ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችውን ነርስ። እኔ እኮ ሁለት ክንድ ርቄ ነው የተቀመጥኩት! ነርሷ ወዲያ ወዲህ ስትዞር አንገቷ ሊቀጭ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
«በእንቁላል ቅርፊት ላይ እየተራመድኩ ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ደስ አላለኝም። ነርሷ ሹክ ብላኛለች... ታላቄ ትልቁ ስፌት ቤት ልትቀጠር ነው። ያለሷ ምኑን ሱቅ ሆነ?
አዲስ ፈሊጥ፦ «አየሩን ማጥራት»። ቅሬታን በግልጽ ተነጋግሮ ማስወገድ። በአፍማ ቀላል ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
አዲሱን ፈሊጥ ጻፍኩ። ልቆርጠው እጄን ሰደድኩ... ያነሳሁት የጨርቁን መቀስ! ክው አልኩ። ባለፈው ሳምንት ሰኞም እንዲሁ ሳላስበው... ጉድ!
ታላቄ ሜትሯንና ጠመኔዋን ቦርሳ ውስጥ እየከተተች ነበር።
«እኔ ነኝ የቆረጥኩበት» አልኳት። ወረቀቶቹን ፊቷ ዘረገፍኩ። አፈርኩ፣ አለቀስኩም።
«ምንድን ናቸው?»
«የጠብ ፈሊጦች።»
አንዷን አነሳች። «ይህችስ?»
«መጥረቢያ መቅበር። እንታረቅ ማለት ነው።»
«መጀመሪያ መቀሱን አስሞርጂ» አለችና ቦርሳውን ዘጋችው። ሄደች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
መቀሱ ተሞርዶ መጣ። ጠዋት በሩን ስከፍት ታላቄ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ። ትልቁ ስፌት ቤት ሌላ ቆራጭ ይፈልግ!
አንድ ነገር ወረወረችልኝ። የሕፃናት መቀስ፣ ጫፉ ድቡልቡል።
«ጠብሽን በዚህ ቁረጪ።»